በእስቴ፥ በጋይንትና በስማዳ መንገድ ወጣቶችን ሳይበታተኑ ስለ መምራት

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ የመለሰ መንገደኛ የጉናን ተራራ በቀኙ ይዞ ብዙ ሰዓት ይጓዛል። ጉና ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ፥ ራሱን ጓሳና ጅብራ የሸፈነው፥ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱበት ታላቅ ተራራ ነው። በአንድ ወገኑ እስቴ፥ በሌላው ወገን ላይ ጋይንት ተቀምጠዋል፤ ከላይ ጋይንት ዝቅ ሲሉ ታች ጋይንት፥ ከዚያም ስማዳ ይገኛሉ። ምድሩም ከገብሱ ደጋ ወደ ጤፉ ወይና ደጋ፥ ከወይና ደጋውም ወደ ማሽላው ቆላ እየተቈረሰ እስከ በሽሎና እስከ ዐባይ ሸለቆ ድረስ ይወርዳል። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣላት ሰው አንድ የኅዳር ሌሊት እዚያ ያደረ መሆን አለበት።

ይህ አገር የእግረኛ አገር ነው። ከወረታ ተነሥቶ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ወልድያ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ቻይናውያን በደርግ ዘመን ከመሥራታቸው በፊት፥ የልደትን በዓል በላሊበላ ለማክበር ከበጌምድርና ከጎጃም የሚመጣው ምእመን የጨጨሆን ገደል በእግሩ ይወጣ ነበር፤ ዛሬም በእግሩ የሚወጣ አልጠፋም። ከሁሉ ይልቅ ግን መንገዱን ያቀኑት የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ናቸው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፥ አቋቋም ለማጥናት ወደ ጎንደር፥ ቅኔ ለመቍጠር ወደ ዋድላ ወይም ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም መሄድ የተለመደ ስለ ነበረ፥ አንድ ሰው ሊቅ ለመባል አስቀድሞ ብርቱ እግረኛ መሆን ያስፈልገው ነበር። እኛም በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንጠልጥለን በዚሁ መንገድ ተመላልሰናል። በኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት መምህር ከሆንን ወዲህ፥ በዕረፍት ወራት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ይዘን ወደ እነዚሁ ጥንታውያን ቦታዎች በእግር መሄድን ልማድ አድርገነው ቈይተናል።

ወላጆች በእንዲህ ያለው ጉዞ ዋዜማ የሚጠይቁን ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ልጄ ከሰው ኋላ አይቀርምን?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ስለ ሆነ በሰፊው እንመልሰው ዘንድ ወደድን።

አስቀድመን ግን ስለ ሰላሙ አንድ ቃል እንናገር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ ዘግቶታል። ስለዚህ ወጣቶችን ይዞ ከመነሣት በፊት የደብሩን ካህናትና የአገሩን ሽማግሌዎች መጠየቅ፥ «ጊዜው አይደለም» ካሉም ጉዞውን ማስቀረት ይገባል። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ በገዛ ደብር ዙሪያ ባለው ጋራ ላይ ለአንድ ቀን ለሚደረግ ጉዞም ያገለግላልና፥ መንገዱ እስኪቀና ድረስ በዚያ ቢለማመዱት አይጐዱም።

ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚበታተነው በእግር ልዩነት ነው። ከብት ሲያግድ ያደገው የ17 ዓመት ጐበዝና ከከተማ ያልወጣችው የ13 ዓመት ልጅ ጧት አብረው ይነሣሉ፤ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ልዩነታቸው ጥቂት እርምጃ ብቻ ስለ ሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ በሁለተኛው ሰዓት ግን መካከላቸው ጋራ ይገባል። ጐበዙ ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም የተለየው፤ እግሩ የለመደውን ነው ያደረገው። ስለዚህ እርምጃውን የሚወስን ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

የቆሎ ተማሪዎች ለዚህ ነገር ጥሩ መለኪያ ነበራቸው። ተማሪ በመንገድ ላይ የቃል ትምህርቱን እየከለሰ ይጓዛል፤ ትልቁ ተማሪ ታናሹን ከፊቱ አስቀድሞ ቃሉን እየሰማ ያርመዋል። ዐቀበቱ ሲበረታ የታናሹ ትንፋሽ ያጥራል፥ ቃሉም ይቈራረጣል፤ ትልቁም ይህን ሲሰማ «ያዝ አድርግ» ብሎ እርምጃውን ያበርድለታል። መለኪያው የታናሹ ትንፋሽ ነበር ማለት ነው። እኛም ዛሬ በዚያው እንሠራለን፤ ከመካከላቸው ደካማው ልጅ ከጓደኛው ጋር ሳያቋርጥ መነጋገር ከቻለ እርምጃው ልክ ነው። ዝም ያለ ልጅ ካለ ግን ወይ ደክሟል፥ ወይ ታሟል፥ ወይ ተቀይሟል፤ ሦስቱም ቆም ብሎ መጠየቅን ይፈልጋሉ።

ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በተገናኘ ጊዜ ዔሳው አብረን እንሂድ ቢለው፥ ልጆቹ ገና ለጋ መሆናቸውን፥ መንጋውም የሚያጠባ መሆኑን ነግሮ፥ እርሱ ግን በእነርሱ እርምጃ ቀስ እያለ እንደሚከተል መመለሱ በኦሪት ዘፍጥረት በ33ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ የመጣ ነበረ፤ ከዚያ ሁሉ ጐበዝ ጋር እኩል እንጓዝ ብሎ አለመድፈሩ ያዕቆብን አላሳፈረውም።

የዚሁ አገር ታሪክም በዚህ ነገር ምስክር አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት ላይ ወደ መቅደላ በተጓዙ ጊዜ፥ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ይጐትቱ ነበር፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። መንገዱ በእጅ እየተቈፈረ፥ ቋጥኙ እየተፈነቀለ፥ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። የዚያ ሁሉ ሰፈር እርምጃ የመድፉ እርምጃ ሆነ፤ ብርቱ መልእክተኛ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው መንገድ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መድፉ በትዕግሥት ተጠብቆ ደረሰ። ከሠራዊቱ ግን ከጉዞው በፊትም በጉዞው ላይም እጅግ ብዙው ከድቶ ቀርቶ ነበር። ለብረት የተደረገው ትዕግሥት ለሰውም ተደርጎ ቢሆን ኖሮ እያልን፥ በዚያ መንገድ ባለፍን ቍጥር እናስባለን።

ወደ ወጣቶቹ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. በየካቲት መጀመሪያ፥ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት፥ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ተነሥተን በጉና ትከሻ ላይ ወደ ላይ ጋይንት በመሻገር ላይ ሳለን፥ ከሌላ ከተማ የመጡ ወደ 40 የሚሆኑ ወጣቶች አገኘን። ጉሙ ወርዶ ጓሳውን ሸፍኖታል፤ ልጆቹም በየአቅጣጫው እየዞሩ አንድ ስም ይጣራሉ። የ14 ዓመት ልጅ ጠፍቶባቸው ኖሯል። እንዴት ዐወቃችሁ ብለን ብንጠይቅ፥ ለምሳ ዳቦ ሲታደል አንድ ቍራሽ ተረፈ አሉን። ያ ቍራሽ ባይተርፍ ኖሮ እስከ ማታ ባልታወቀም ነበር። ፊት የሄዱት ልጁ ከኋለኞች ጋር ነው ብለው ነበር፤ ኋለኞቹም ከፊተኞች ጋር ነው ብለው ነበር። ወንጌላዊው ሉቃስ ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ እመቤታችንና ጻድቁ ዮሴፍ ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ እንደ ሄዱ ይነግረናል፤ በብዙ ሰው መካከል ያለ ልጅ በቀላሉ እንደሚታጣ ከዚህ ይታወቃል።

ሁለቱን ቡድን አንድ ላይ አድርገን፥ አንዱ የሌላውን ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ሁሉንም በሰልፍ ዘርግተን ወደ መጡበት ተመለስን፤ የአገሩ እረኞችም በፉጨት እየተጠራሩ ረዱን። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከአንድ የድንጋይ ካብ ሥር ተገኘ። የጫማው ማሰሪያ ተበጥሶ እግሩን በነጠላው ጠቅልሏል፤ ከእርሱ በዕድሜ የሚያንስ አንድ በግ ጠባቂ የገዛ ደበሎውን አልብሶት አጠገቡ ተቀምጧል። ልጁ አላለቀሰም። «ጠርቻቸው ነበር፤ ግን ይሥቁ ስለ ነበር አልሰሙኝም» አለ። እረኛው ግን ቍጣውን አልደበቀም። «እኔ አንዲት በግ ባጐድል አባቴ ይገርፈኛል፤ እናንተን ማን ይገርፋችኋል?» ብሎ ትልልቆቹን ጠየቃቸው። የመለሰለት አልነበረም። ያ ልጅ ዳግመኛ ከማንም ጋር በእግር ጉዞ እንዳልወጣ ከዘመዶቹ በኋላ ሰምተናል።

አሁን እኛ የምንከተለውን ሥርዐት እንግለጽ። በፊት አገሩን የሚያውቅ አንድ መሪ ይሄዳል፤ እርሱን ማንም አይቀድመውም። ከመሪው ቀጥሎ የሚሄዱት እጅግ ደካሞቹ ናቸው፤ የመሪው እርምጃ በግድ የእነርሱ እርምጃ የሚሆነው በዚህ ነው። ከሁሉ በኋላ ደጀን ይሆናል። ደጀን የምናደርገው ከቡድኑ ሁሉ ብርቱውንና ትዕግሥተኛውን ሰው ሲሆን፥ ከእርሱ ጋር አንድ ረዳት እንጨምርለታለን፤ ውኃና መድኃኒት፥ መርፌና ክር፥ ትርፍ ጫማ የሚይዘውም እርሱ ነው፤ ከእርሱ ኋላ አንድም ልጅ ሊኖር አይችልም። በብዙ ቡድን ዘንድ ብርቱው ሰው ፊት መሄድ ይወዳል፤ ኋላው ግን የደካማና የተረሳ ሰው ቦታ ሆኖ ይቀራል። ዐማሌቃውያን እስራኤልን የመቱት በዚያው በኋላ በኩል፥ ደክመው የቀሩትን እየለዩ እንደ ነበር ኦሪት ዘዳግም ይመሰክራል፤ ኦሪት ዘኍልቍ ደግሞ ሰፈሩ ሲነሣ የዳን ነገድ የሰፈሮች ሁሉ ደጀን እንደ ነበረ ይናገራል። ዳን በቍጥር ከይሁዳ ቀጥሎ የሚቈጠር ታላቅ ነገድ ነበረ፤ ከኋላ የተመደበውም ጥቂትና ደካማ ስለ ነበረ አልነበረም።

ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርገን እናያይዛቸዋለን። ገበሬ ወይፈን ሲያለማምድ ከነባር በሬ ጋር እንደሚጠምደው፥ እኛም መንገድ የለመደውን ካልለመደው ጋር እናጣምራለን፤ ሁለት ወይፈን አንድ ላይ የጠመደ ገበሬ ምን እንደሚገጥመው የእስቴና የስማዳ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ለሽንት ወይም ለሌላ ነገር ከመንገድ የወጣ ልጅ ካለ ጥንዱ ይቆማል፤ ጥንዱ ሲቆም ደጀኑ ይቆማል፤ ደጀኑም ፊሽካ ሲነፋ መሪው ይቆማል። ልጃገረዶች ካሉ ከእነርሱ ጋር ትልቅ ሴት መኖር አለባት፤ ወንድ መምህር ሊጠየቅ የማይችል ብዙ ጉዳይ አለና፥ በኀፍረት ምክንያት ሕመሟን ደብቃ የምትጓዝ ልጅ እንዳትኖር ነው። ጾም በሆነ ጊዜም እንዲሁ፥ ራሱን ያዞረውን ልጅ «ቻለው» ማለት አይገባም፤ የታመመ ሰው ምን እንደሚያደርግ የንስሐ አባቱ ከመነሻው ቢነግሩት ይሻላል።

ቍጥር በወንዝ፥ በመንታ መንገድ፥ በአፋፍና በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ ይደረጋል። መምህሩ በጣቱ አይቈጥርም፤ እያንዳንዱ ልጅ ጧት የተሰጠውን ቍጥር በተራው ይጠራል፤ ዝምታው የት ላይ እንደ ሆነ ወዲያው ይሰማል። ከሁሉ የሚያሳስተው መንታ መንገድ ነው። በጋይንት ሜዳ ላይ የከብት መንገድ ከሰው መንገድ ይበዛል፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳል፥ ሌላው ወደ ኵሬ ወስዶ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ከመንታው ላይ ደጀኑ በዓይን እስኪታይ ድረስ መሪው አይንቀሳቀስም። ገበሬውን መጠየቅ መልካም ነው፥ አክብሮትም ነው፤ ነገር ግን «ይቺ ናት፥ ቅርብ ናት» ሲል በእርሱ እግር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ በቅርብ የተባለችው ቦታ እስከ ቀትር አስጕዛናለች፤ ሰውዬው አልዋሸንም፥ ለእርሱ ቅርብ ናት።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ይጠቅማል፤ መሪውና ደጀኑ ሁለቱም ይያዙ። ይሁን እንጂ ወደ ሸለቆ ሲወርዱ መስመሩ ይጠፋል፥ በጉና ብርድም ባትሪው ቶሎ ይደክማል፤ ፊሽካ ግን ሁልጊዜ ይሠራል። ለልጆቹ አስቀድመን የምንነግራቸው ቃል አጭር ነው፤ ጓደኞችህን ካጣህ ባለህበት ተቀመጥ፥ ወደ ታች አትውረድ፥ ደጀኑ ወደ አንተ ይመለሳል። በጉና የጠፋው ልጅ የተገኘው ከቦታው ስላልተንቀሳቀሰ ነው፤ ወደ ገደሉ ወርዶ ቢሆን ኖሮ እረኛውም ባላገኘው ነበር።

በማረፊያ ላይ የሚፈጸም አንድ በደል አለ፤ ትንሽ ስለሚመስል ማንም አያየውም። ፊተኞቹ ቀድመው ይደርሱና ከዛፍ ሥር ዐርፈው፥ ውኃ ጠጥተው፥ ተጫውተው ይቈያሉ። የደከመው ልጅ እያለከለከ ሲደርስ «ይኸው ሁሉም መጣ፥ እንነሣ» ይባላል። ብርቱው ዐርፎ ይነሣል፤ ደካማው ሳያርፍ ይነሣል፤ ወደሚቀጥለው ማረፊያም ከበፊቱ ይልቅ ዘግይቶ ይደርሳል። እስከ ማታ እንዲህ ከተደረገ በኋላ «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ይባላል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የዕረፍቱ ጊዜ መቈጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ልጅ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ፊተኞቹ ሲሰለቹ ከደካማው ጓዝ ዳቦውን ወይም ብርድ ልብሱን ተካፍለው እንዲሸከሙ እናዛቸዋለን፤ ሸክሙ ሲከፋፈል እግሩም ይቀራረባል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፥ በማለዳ የተቻኰለ ቡድን የተረፈውን ቀን የጣለውን ሲለቅም ይውላል።

ቤተ ልሔም ሲደረስ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ ልጆቹ ደብሩን ከሩቅ ሲያዩ ይሮጣሉ። ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት መንገደኛ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ወደዚህ ስፍራ መጥቶ፥ በክቡ የሣር ክዳን ውስጥ የተሸሸገውን የጥንት የድንጋይ ሕንጻ ማየቱን በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። የድጓው ሊቃውንት በዘመናት ሁሉ ሲቀድሱበትና ሲያመሰግኑበት የኖሩትን ቤት አንድ እንግዳ «አገኘው» መባሉ ሁልጊዜ ያስፈግገናል፤ ነገር ግን በውጭው ክብ ሳይወሰን ገብቶ ማየቱን እናመሰግናለን። ሮጠው የደረሱ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በሩን ተሳልመው ጥላ ይፈልጋሉ። ሁሉም ተሰብስቦ ሲገባ ግን ከሊቃውንቱ አንዱ ስለ ሕንጻው ያስረዳሉ፥ ልጆቹም ይጠይቃሉ፤ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ጥያቄ የሚያመጣው ዘግይቶ የደረሰው ነው፥ በመንገድ ላይ ብዙ አይቷልና።

ከታች ጋይንት ወደ ስማዳ ቆላ የሚወርደው ቍልቍለት ከዐቀበቱ ይልቅ ቡድን ይበትናል። በዐቀበት ላይ ሁሉም ይደክማል፤ በቍልቍለት ግን ወጣቱ እግሩን ለቆ ይሮጣል፥ ጕልበቱ የሚያመው ደግሞ በድንጋዩ ላይ እያስተዋለ ይወርዳል። መሪው በዚህ ጊዜ በትሩን ወደ ጐን ዘርግቶ ቢሄድ አይከፋም። በቆላው ገና ሳይነጋ መነሣት፥ ቀትሩን በሾላ ጥላ ሥር ማሳለፍ፥ ፀሐይ ሲበርድ ደግሞ መቀጠል ነው። ወንዝን በሚመለከት ምሕረት የለም፤ በላይኛው ደጋ የዘነበ ዝናም በታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ውኃው ደፍርሶ ወይም ጭራሮ ይዞ ሲወርድ ከታየ አይገባበትም። ጥሩ ሆኖ ሲገኝም ግማሹ ተሻግሮ ግማሹ እስኪቀር አይጠበቅም፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ፥ ታናናሾቹን በመካከል አድርጎ በአንድ ጊዜ መሻገር ነው፤ ቡድን ለሁለት ተከፍሎ በወንዝ ማዶና ማዶ ያደረበትን ሌሊት ሰምተናል።

በስማዳ አንድ ባላገር ቤት ስንገባ ጊዜው መሽቶ ነበር። እማወራዋ ለእግራችን ውኃ አሙቀው፥ ገበታውን ይዘው ወጡ፤ እንደ አገሩ ልማድ የእንግዳ እግር ሳይታጠብ ምግብ አይቀርብምና። ፊት የደረሱት ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እማወራዋ ግን ገበታውን አላስቀመጡትም፤ ወደ በሩ ተመልክተው «ሁላችሁም ገባችሁ?» ብለው ጠየቁ። አምስት እንደሚቀሩ ነገርናቸው። «እንኪያስ እነርሱ ይቅደሙ፤ እግራቸው የባሰበት እነርሱ ናቸው» አሉና ውኃውን ወደ ምድጃው መልሰው ጣዱት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የደጀኑ ፊሽካ ከአጥሩ ማዶ ተሰማ፤ ውሻውም ጮኸ፤ ልጆቹም ከውስጥ ሆነው ቍጥራቸውን ከአንድ ጀምረው ይጠሩ ጀመር።